ነዳጅ የማን አጽም ነው? ከቦዬ ረግረግ ለተነሳ ጥያቄ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ጅማ ነው የምኖረው፤ የሁለተኛ ዓመት የኬሚስትሪ ተማሪ ነኝ። ቦዬ ረግረግ ዳር ውሃው ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ስስ ቅባት አየሁ። አብሮኝ የነበረው የአጎቴ ልጅ ‹ነዳጅ ነው፤ ደልቢ ከሰል ካለ እዚህ ነዳጅ ለምን አይኖርም?› አለኝ። እውነት ሊሆን ይችላል? ደግሞስ ነዳጅ ከዳይኖሰር መጣ የሚባለውን ኬሚስቶች በምን ያረጋግጣሉ? ሬሳው የለ፣ አጥንቱ የለ። እባክዎ ረዘም አድርገው ያስረዱኝ።»

ረዘም አድርገው ስላልሽ ረዘም አደርገዋለሁ። ቡናሽን ይዘሽ ተቀመጪ፤ ቡናው ራሱም በኋላ ምሳሌ ይሆነናል።

መጀመሪያ ቅባቱን እንገላገለው። በሚቀጥለው ስትሄጂ ቀጭን እንጨት ይዘሽ ሂጂ። ያንን ቀስተ ደመና ነካ አድርጊው። እንደ ቀጭን መስታወት ተሰነጣጥቆ፣ ማዕዘን እያወጣ ተቆራርጦ ከቀረ ነዳጅ አይደለም። የብረት ባክቴሪያዎች ሥራ ነው። ነዳጅ ወይም የሞተር ዘይት ከሆነ ግን እንጨቱ ካለፈ በኋላ ተመልሶ ይገጥማል። ይሸታልም።

የጅማ ቀይ አፈር ብረት የጠገበ ነው። ረግረግ ሥር ኦክስጅን ሲያልቅ ብረቱ ይሟሟል። ወደ ላይ ወጥቶ አየር ሲያገኝ ባክቴሪያዎቹ ያዝጉታል። ያ ስስ የዝገት ሽፋን ነው ብርሃን ሲያርፍበት ቀለም በቀለም የሚሆነው። ዳር ዳሩን ብታዪ ብርቱካናማ ዝቃጭ ሳታገኚ አትቀሪም። ግምቴን ከጠየቅሽኝ ይኸው ነው። የአጎትሽ ልጅ እንዳይቀየመኝ።

ልጁ ግን ዝም ብሎ አልተናገረም። ወረኢሉ አካባቢ ድፍድፍ ነዳጅ ከመሬት ሲሰርግ ታይቷል። ኦጋዴን ውስጥ ካሉብ ላይ እ.ኤ.አ. በ1973 የተፈጥሮ ጋዝ ተገኝቷል። እዚሁ ጅማ ዞን ደልቢ-ሞዬ ደግሞ ከድንጋይ ከሰሉ ጋር ኦይል ሼል አለ። በእሳተ ገሞራ ድንጋዮች መካከል የተቀበረ የጥንት ደለል ነው። ችግሩ ስሙ ያሳስታል። ኦይል ሼል ነዳጅ የቋጠረ ድንጋይ አይደለም። ነዳጅ መሆን ሲችል ሳይበስል የቀረ ድንጋይ ነው። ወደ እሱ እንመለሳለን።

አሁን ዳይኖሰሩ። አይደለም። ዳይኖሰር ትልቅ ነው እንጂ ብዙ አይደለም። ሲሞትም ሥጋውን ወዲያው ሌላ ይበላዋል። ነዳጅ የሚፈልገው ለሚሊዮን ዓመታት ሳያቋርጥ እየሞተ ወደ ታች የሚዘንብ፣ ኦክስጅን የሌለው ጭቃ ውስጥ የሚቀበር ነገር ነው። ይህን የሚያሟሉት በዓይን የማይታዩት ናቸው፤ አልጌና ባክቴሪያ። ወሬው ከየት መጣ ብትዪኝ፣ ብዙ የነዳጅ ምንጭ ድንጋዮች በጁራሲክና በክሬታሺየስ ዘመን ባሕር ሥር የተጠራቀሙ ናቸው። ያኔ ዳይኖሰሮች የብሱ ላይ ይንጎራደዱ ነበር። በዚያ ላይ ሲንክሌር የሚባል የአሜሪካ ነዳጅ ኩባንያ አረንጓዴ ዳይኖሰር አርማው አደረገ። በቃ፣ ተረቱ እዚያው ጸና። የአንድ ዘመን ሰው መሆንና ወላጅ መሆን ግን ለየቅል ነው።

«አጥንቱ የለ» ያልሽው ላይ አልስማማም። አጥንቱ አለ። በካርቦን የተሠራ ነው፤ ከሞለኪውል አይበልጥም።

ቡናሽን እንይ። አንድ ጥሬ ቡና ውስጥ ካፌይን አለ፣ ስኳር አለ፣ ፕሮቲን አለ፣ ዘይትም አለ። ዘይቱ ውስጥ ካፌስቶልና ካህዌኦል የሚባሉ ሁለት ውህዶች አሉ። ሁለተኛው ስሙን ያገኘው ከዓረብኛው «ቀህዋ» ነው። ይህች ፍሬ ሐይቅ ውስጥ ወድቃ ጭቃ ቢቀብራት ምን ይሆናል? ስኳሩንና ፕሮቲኑን ባክቴሪያ ይበላዋል። ካፌይኑ ውሃ ይወስደዋል። ዲኤንኤው ይበጣጠሳል። እንደ ካፌስቶል ያለው ቅባታም ሞለኪውል ግን ውሃ አይወደውም፤ ለመበላትም አስቸጋሪ ነው። ቀስ በቀስ ኦክስጅኑን ያራግፋል። ድርብ ትስስሩ በሃይድሮጂን ይሞላል። ሥጋው ሁሉ ይሄድና የካርቦን ቀለበቶቹ ይቀራሉ። ካፌስቶል ከካውሬን ቤተሰብ ነው፤ የዚህ ቤተሰብ አጽሞች ከድንጋይ ከሰል ውስጥ ተገኝተዋል። ከቡና መጡ እያልኩ አይደለም፤ ሌሎች ዕፅዋት፣ በተለይ የጥድ ዘመዶች፣ በብዛት ይሠሯቸዋል።

ይህን የመሰለውን ቅሪት ሞለኪውላዊ ቅሪተ አካል እንለዋለን። በሙያው ሰዎች አፍ ባዮማርከር ይባላል።

(ሳልረሳው፦ ካፌስቶል ኮሌስትሮል ይጨምራል። በወረቀት የተጣራ ቡና ውስጥ እምብዛም አያልፍም፤ ተፈልቶ ሳይጣራ በሚጠጣው ውስጥ ግን አለ። ጀበና ላይ ወረቀት አድርጉ ግን አልልም። እናቴ ከቤት ታስወጣኛለች።)

ታሪኩ የሚጀምረው ከአልፍሬድ ትራይብስ ነው። ጀርመናዊ ነው፤ ሙኒክ ሃንስ ፊሸር ዘንድ ይሠራ ነበር። ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1930 ኖቤል የተሸለመው የደምንና የቅጠልን ቀለም አወቃቀር በማጥናቱ ነው። ስለዚህ ትራይብስ ፖርፊሪን የሚባለውን ቀለበት እንደ መዳፉ ያውቀዋል። እንዲህ ያለው ቀለበት መሃሉ ላይ ብረት ሲይዝ የደም ነው፤ ማግኒዚየም ሲይዝ የቅጠል። እ.ኤ.አ. በ1934 ይህንኑ ቀለበት ከድፍድፍ ነዳጅ ውስጥ አወጣው። ማግኒዚየሙ የለም። በቦታው ቫናዲየም ተቀምጧል። ቤቱ ያው ነው፤ ተከራዩ ነው የተቀየረው።

ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሜንዴሌየቭ፣ የፔሪዮዲክ ሰንጠረዡ ሜንዴሌየቭ፣ እ.ኤ.አ. በ1877 ነዳጅ የሚመጣው በምድር ጥልቀት ውሃና የብረት ካርባይድ ሲገናኙ ነው የሚል ሐሳብ ነበረው። መጥፎ ሐሳብ አልነበረም፤ ላቦራቶሪ ውስጥ እንዲህ ሃይድሮካርቦን ይሠራል። ግን እንዲህ ያለ ሂደት የክሎሮፊልን ቀለበት ከየት ያመጣዋል? ፖርፊሪን ደግሞ እሳት አይችልም። ስለዚህ ነዳጅ የሕያው ዘር አለው፤ የተሠራውም በእቶን ውስጥ ሳይሆን በለዘብተኛ ሙቀት ነው። ትራይብስ ሁለቱንም በአንድ ሞለኪውል አሳየ።

ክሎሮፊል ጭራም አለው። ፋይቶል ይባላል፤ 20 ካርቦን ያለው ቅርንጫፋም ሰንሰለት ነው። ጭራው ሲቆረጥ ሁለት መንገድ ይጠብቀዋል። ጭቃው ኦክስጅን ካለው ይዝግና አንድ ካርቦን ይጥላል፤ ባለ 19 ካርቦን ፕሪስቴን ይሆናል። ኦክስጅን ከሌለ ሃያውንም እንደያዘ ፋይቴን ይሆናል። የሁለቱ ጥምርታ ከ1 ካነሰ ጭቃው አየር ያጣ ነበር እንላለን። ከ3 ከበለጠ የየብስ ዕፅዋት የበዙበትና አየር ያገኘ ነው ብለን እንጠረጥራለን፤ የከሰል ባሕርይ ነው። በአንዲት ካርቦን! በእርግጥ ተንኮል አለው፤ ፋይቴን አርኬያ ከሚባሉ ረቂቅ ሕዋሳትም ይመጣል። ስለዚህ በዚህ ቁጥር ብቻ የሚፈርድ ሰው ካየሽ አትመኚው።

የዕፅዋት ሰም ደግሞ ለጅማ ሰው አይነገረውም። እንሰት ቅጠል ላይ ውሃ ጠብ ብታደርጊ እንደ ብርጭቆ ዶቃ ይንከባለላል። ሰም ነው። ሰሙ ውስጥ 27፣ 29፣ 31 ካርቦን ያላቸው ቀጥ ያሉ ሰንሰለቶች ይበዛሉ፤ ጎዶሎ ቁጥር። ለምን ጎዶሎ? ዕፅዋት ስብ የሚሠሩት ሁለት ሁለት ካርቦን እየቀጠሉ ነው፤ ስለዚህ ሙሉ ቁጥር ይወጣል። ወደ ሰም ሲለወጥ አንዱ ካርቦን ይወድቃል። ሙሉ ሲቀነስ አንድ፣ ጎዶሎ። ድንጋይ ውስጥ ይህ ጎዶሎ-ጎዶሎ ምት ጎልቶ ከታየ ሁለት ነገር አወቅሽ፦ የየብስ ቅጠል ገብቶበታል፣ ድንጋዩም ገና አልበሰለም። ሙቀት ሲበዛበት ምቱ ይጠፋል።

አሁን የምወደው ክፍል ደረሰ፤ ሆፔን።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ70ዎቹ ስትራስቡርግ ውስጥ ጊ ኡሪሶንና ፒዬር አልብሬክት የድሮ ደለሎችን ሲመረምሩ በየሄዱበት አንድ ቤተሰብ ይገጥማቸው ነበር። አምስት ቀለበት ያለው አጽም ነው። ከዚያ በፊት የሚታወቀው ከአንዳንድ ዕፅዋት ነበር። ስሙም የመጣው ሆፔያ ከሚባል የእስያ ሙጫ ዛፍ ነው፤ ዛፉ ደግሞ በጆን ሆፕ፣ በኤድንበራ የዕፅዋት ሊቅ፣ ስም ተሰይሟል። ሰውዬው የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ነው። ስሙ በዓለም ነዳጅ ሁሉ ውስጥ ይገኛል ቢሉት አያምንም ነበር።

እንቆቅልሹ ይኸውልሽ። የታወቁት የዕፅዋት ሆፔኖች ቢበዛ 30 ካርቦን ነበራቸው። ደለሉ ውስጥ ያሉት ግን እስከ 35 ይደርሳሉ። አምስቱ ትርፍ ካርቦን ከየት መጡ? እንዲህ ያለ ሞለኪውል የሚሠራ ሕያው ነገር ማንም አያውቅም ነበር። አጽሙ አለ፤ ባለቤቱ የለም። ቀብር ላይ የማይታወቅ ሬሳ እንደማግኘት ነው። በኋላ መልሱ ባክቴሪያ ውስጥ ተገኘ። ባክቴሪያዎች ሆፔናቸው ላይ አምስት ካርቦን ያለው፣ ከስኳር የተገኘ ጭራ ይቀጥላሉ። የሆፔን ቤተሰብ ለእኛ ኮሌስትሮል የሚሠራልንን ሥራ ይሠራላቸዋል፤ የሴላቸውን ሽፋን ያጠነክራል። ቅሪተ አካል ቀድሞ ተገኝቶ ሕያው ባለቤቱ በኋላ የተፈለገበት እንዲህ ያለ ታሪክ ብዙ አይገጥምሽም።

ኡሪሶንና አልብሬክት እ.ኤ.አ. በ1992 ሆፔኖች በምድር ላይ በብዛት አንደኛ የሆኑ የተፈጥሮ ውህዶች ይሆኑ እንዴ ብለው እስከመጠየቅ ደረሱ። ድፍድፍ ነዳጅ በመረመርሽ ቁጥር አታጪያቸውም። ዳይኖሰሩን የሚያሸንፈው ማስረጃ ይኸው ነው። አልጌ የሠራውን ባክቴሪያ በልቶታል፤ ባክቴሪያው ደግሞ ራሱ ተቀብሯል።

እንዴት እናያቸዋለን? ድንጋዩ ይፈጫል፣ በማሟሟያ ይታጠባል፣ ፈሳሹ ጋዝ ክሮማቶግራፍ ውስጥ ገብቶ ሞለኪውሎቹ በየተራ ይወጣሉ፣ ማስ ስፔክትሮሜትር ላይ ይሰበራሉ። የሆፔን ቤተሰብ ሲሰበር ክብደቱ 191 የሆነ ስባሪ ይጥላል። ስለዚህ ማሽኑን 191ን ብቻ አሳየኝ ትዪዋለሽ። በሺህ ከሚቆጠር ግርግር ውስጥ ሆፔኖቹ ብቻ እንደ ደመራ ችቦ ተሰልፈው ይወጣሉ። 217 ካልሽው ደግሞ ስቴሬኖቹ ይመጣሉ።

ስቴሬን የኮሌስትሮልና የዘመዶቹ አጽም ነው። ባለ 27 ካርቦኑ ኮሌስትሮል ከእንስሳና ከቀይ አልጌ፣ ባለ 29ኙ በአብዛኛው ከአረንጓዴ አልጌና ከየብስ ዕፅዋት ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2018 ሩሲያ ነጭ ባሕር ዳርቻ ከተገኘ የዲኪንሶኒያ ቅሪት ላይ የ558 ሚሊዮን ዓመት የኮሌስትሮል አጽም ተገኘ። ዲኪንሶኒያ ምን እንደሆነ ለአሥርት ዓመታት ሲያጨቃጭቅ የኖረ ጠፍጣፋ ፍጡር ነው። እንስሳ መሆኑ በኮሌስትሮሉ ታወቀ።

አንድ ልጨምር። ቡና ሲፈላ የምታጨሱት ዕጣን ውስጥ ቦስዌሊክ አሲድ አለ። ካሉት ዓይነቶች አንዱ የኦሌአኔን አጽም ነው። ኦሌአኔን ደግሞ የአበባ ዕፅዋት ምልክት ነው። ድፍድፍ ውስጥ በብዛት ከታየ ምንጩ ድንጋይ የአበባ ዕፅዋት ከተስፋፉ ወዲህ፣ ማለትም ከክሬታሺየስ ወዲህ፣ የተጠራቀመ ነው ማለት ነው። የናይጄሪያ ኒጀር ዴልታ ነዳጅ በዚህ ይታወቃል።

ወደ ደልቢ እንመለስ። ኦይል ሼልን እኔ የማየው እንደ ጥሬ ቡና ነው። ደለሉ ሲቀበር በየኪሎ ሜትሩ ሙቀቱ በግምት ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጨምራል። ከ60 እስከ 120 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነዳጅ ይወጣዋል፤ ቡናው ደረሰ። ከ150 ሲያልፍ ጋዝ ይሆናል፤ ከሰለ። ኦይል ሼል ከተባለ ገና ይህ ምጣድ ላይ አልተጣደም። ዘይት ከፈለግሽ ራስሽ ወደ 500 ዲግሪ አካባቢ ማሞቅ አለብሽ።

መቁላቱን የሚነግሩን እነዚሁ አጽሞች ናቸው። አንዳንድ ሞለኪውሎች እንደ ቀኝና ግራ እጅ ናቸው፤ አካላቸው አንድ፣ አቀማመጣቸው የተገላበጠ። ሕያው ባክቴሪያ ሆፔኑ ጭራ ላይ አንዱን እጅ ብቻ ይሠራል። ድንጋዩ ሲሞቅ አንዳንዱ ይገለበጣል። ሞቆ ሞቆ 60 በመቶ ገደማው ሲገለበጥ ሚዛኑ ይቆማል። ስለዚህ የሁለቱን እጅ ብዛት ቆጥረሽ ድንጋዩ ምን ያህል እንደተቆላ ታውቂያለሽ። ሚሊዮን ዓመት የቆየ ቴርሞሜትር በይው።

አሁን ስለ ስህተት ላውራ፤ ምክንያቱም በዚህ ሙያ የሚያዋርደው ብክለት ነው። እኔ ተማሪ ሳለሁ አንድ የከሰል ናሙና ላይ የሚያምር የስኳሊን ምልክት አገኘሁ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ስኳሊን የሆፔንም የስቴሮልም፣ ማለትም የኮሌስትሮል ቤተሰብ፣ ወላጅ ነው። ለአማካሪዬ ሮጬ ሄጄ አሳየሁት። ወረቀቱን አየ፣ እጄን አየ። «ጓንት አድርገህ ነበር?» አላደረግሁም። ስኳሊኑ የጣቴ ወዝ ነበር። ጎኑ ያለው ትልቅ ምልክት ደግሞ ናሙናውን የቋጠርኩበት የፌስታል ፕላስቲክ ነበር።

ያጽናናኝ ታላላቆቹም መውደቃቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ከምዕራብ አውስትራሊያ 2.7 ቢሊዮን ዓመት ካለው ድንጋይ ስቴሬን ተገኘ ተብሎ ዓለም ተደነቀ። በ2008 ጥርጣሬ ተነሳ። በ2015 እጅግ በጥንቃቄ፣ በንጹሕ መሣሪያ ተቆፍሮ የወጣ ድንጋይ ሲመረመር ምንም የለም። ያ ሁሉ ከውጭ የገባ ብክለት ነበር።

ሥራ ላይ ሲውል ደግሞ ይህን ስሚ። ኤክሰን ቫልዴዝ የተባለችው መርከብ እ.ኤ.አ. በ1989 አላስካ ላይ ድፍድፍ ደፋች። በኋላ ተመራማሪዎች በባሕሩ ዳርቻ የተጣበቀ ሬንጅ ሰብስበው መረመሩ። አንዳንዱ የመርከቧ አልሆነም። አሻራው የካሊፎርኒያ ነዳጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 የመሬት መንቀጥቀጥ እዚያ ያሉ የአስፋልት ማከማቻዎችን ሰብሮ ነበር፤ አስፋልቱ ከካሊፎርኒያ የመጣ ነበር። ከ25 ዓመት በላይ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ ኖሮ አጽሙ ማንነቱን ተናገረ።

እንግዲህ የቦዬው ቅባት በእንጨት ሲነካ አልሰበር ብሎሽ ተመልሶ ቢገጥምስ? ያኔም ወደ ነዳጅ ጉድጓድ አትሩጪ። መጀመሪያ የምጠረጥረው ጋራዥና የመኪና እጥበት ነው፤ የአዌቱ ወንዝ ከተማውን አቋርጦ ሲሄድ ምን ምን እንደሚቀበል አንቺም ታውቂያለሽ። ይህንንም አጽሙ ይለየዋል። ናፍጣ ሲጣራ ከባዱ ክፍል ስለሚቀር ሆፔን የለውም ማለት ይቻላል፤ ፕሪስቴንና ፋይቴን ግን አሉት። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ሆፔኑና ስቴሬኑ ሙሉ ናቸው፤ የቀለለው ክፍል ግን ጠፍቷል። ከመሬት የሰረገ እውነተኛ ድፍድፍ ከቀላል እስከ ከባድ ሁሉንም ይዞ ይመጣል፤ ባክቴሪያ ካልቀደመሽ በቀር፤ እሱ ቀላሉን ቀድሞ ይበላል፣ ሆፔኑን መጨረሻ ላይ ይተዋል። የሰሞኑ ቅጠልና ጭቃ ከሆነ ደግሞ ያ ጎዶሎ-ጎዶሎ የሰም ምት ይታያል፤ ሆፔኑም ገና አልተገለበጠም።

ናሙና ልታመጪልኝ ካሰብሽ የብርጭቆ ጠርሙስ ያዢ፤ የሃይላንድ ላስቲክ አይሆንም። ጠርሙሱን በአሴቶን እጠቢው። ክዳኑ ሥር የአሉሚኒየም ፎይል አድርጊበት። ጓንት አትርሺ፤ ጠዋት ቫዝሊን ተቀብተሽ ከሆነ ደግሞ የአጎትሽ ልጅ ይቅዳው፤ ቫዝሊን ራሱ የነዳጅ ልጅ ነው።